ለስላሳ እምቢታ

ጥሪው የደረሳት ማክሰኞ ጠዋት፣ የሁለተኛዋን ደንበኛ ጸጉር ከፋፍላ ሹሩባ ልትጀምር ስትል ነው። እጇ ላይ ያለው አምባር ሁለቴ ነዘረ። አምባሩ የሚነዝረው የመንግሥት መልእክት ሲመጣ ብቻ ነው። የሰው መልእክት ከሆነ ድምፅም አያሰማም፤ እዚያው አምባሩ ውስጥ፣ በረኛ የሚሏት መላሽ ማሽን ጋ ይቀራል።

እታገኝ ተሰማ ኀምሳ አራት ዓመቷ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለ አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበረችው ወጣት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ይዛ ነበር የመጣችው። ፈቃዱ ላይ “ንክኪ፦ ይፈቀዳል። ጭውውት፦ አይፈቀድም” ይላል። አብዛኛዎቹ ደንበኞች እንዲህ ያለውን ነው የሚያመጡት። ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ወጣቷ ትነሳለች፣ በመስታወት ጎንና ጎኗን ታያለች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ትወጣለች። በማግስቱ መንገድ ላይ ቢተላለፉ ሰላም መባባል አይችሉም። ሰላምታ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ የሚቀርበው በበረኛ በኩል ነው።

በ2079 ዓ.ም. በረኛ የሌለው ሰው የለም። ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ይሰጣቸዋል። እንተዋወቅ የሚል፣ አብረን ምሳ እንብላ የሚል፣ የድሮ ክፍል ጓደኛሽ ነኝ የሚል፣ ለቅሶ ልድረስ የሚል ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው በረኛውን ነው። በረኛው በባለቤቱ ድምፅ መልስ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ በማሽን ድምፅ ነበር፤ ሰዎች እየተናደዱ አቤቱታ ሲያበዙ ተቀየረ። አሁን የሚያማርር የለም። የእታገኝ እናት በወጣትነታቸው ማታ ማታ ስልካቸውን ይዘው የማያውቁትን ሰው አንድ በአንድ ሲሰርዙ እንደነበር ያወሩ ነበር። “ጣቴ እስኪደክመኝ” ይሉ ነበር። እታገኝ በሕይወቷ አንድም ሰው በጣቷ ሰርዛ አታውቅም፣ ከአንዷ በቀር።

መልእክቱን ጸጉሩን ሳትለቅ አነበበችው።

“ወ/ሮ እታገኝ ተሰማ፦ በእኅትዎ በወ/ሮ ጌጤነሽ ተሰማ ላይ በታኅሣሥ ወር 2059 ዓ.ም. የጣሉት እገዳ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሃያ ዓመት ይሞላዋል። ሃያ ዓመት የሞላው እገዳ ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ካላደሰው ይነሳል። የታገደው ወገንም ቀርቦ እንዲሰማ ተጠርቷል።”

ሹሩባውን ቀጠለች። ስሙን ስታነብ ምንም አልተሰማትም። የሰፈር ስም ያነበበች ያህል ነበር።

ከጎኗ የምትሠራው ሰናይት ግን አየቻት። ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ያላቸው የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው፣ ከሥራ ውጭ ያለ ቃል ከተናገሩ አምባራቸው ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ሰናይት አንዳች ነገር ስትጠረጥር የምትለው አንድ ነገር ነበራት።

“መቀስ ትፈልጊያለሽ?”

“አልፈልግም” አለች እታገኝ።

“ከፈለግሽ አለ።”

“አውቃለሁ። አልፈልግም።”

ሰናይት ወደ ደንበኛዋ ተመለሰች።

ነገሩ የሆነው እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ስኳራቸው እግራቸው ላይ በወጣ ጊዜ ነው። ታላቂቱ ጌጤነሽ ሆስፒታል ታድር ነበር፤ እታገኝ ደግሞ ቀን ቀን። አንድ ቀን ሐኪሙ እግሩ ካልተቆረጠ አይተርፉም አለ። ጌጤነሽ እኅቷን ሳትጠብቅ ፈረመች። እናትየው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ቀን ቆይተው ዐረፉ። በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ በተቀመጠበት እታገኝ ተነስታ ለእኅቷ “ገደልሻት” አለቻት። ጌጤነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እንደሳበች ቀረች። እታገኝ እዚያው ቆማ አምባሯን ነካች፣ “አግድ” የሚለውን ተጫነች። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ መጥቶ ነበር፤ ሳታነበው አለፈችው። ከዚያ ወዲያ እኅቷን አይታት አታውቅም።

አዳማ በግማሽ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር የምትታለፍ ከተማ ናት። ጌጤነሽ የምትኖረው መብራት ኃይል አካባቢ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንድም ቀን አለመገናኘታቸው እታገኝን ገርሟት አያውቅም። በረኛዋ “ዛሬ በዚያኛው መንገድ ሂጂ” ስትላት ትሄዳለች፤ “የሚቀጥለውን አውቶቡስ ጠብቂ” ስትላት ትጠብቃለች። ምክንያቱን ጠይቃ አታውቅም። ማንም አይጠይቅም።

በስምንተኛው ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ግንኙነት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሐሳቧ እገዳውን ማደስ ነበር። ለእኅቷ ክፉ አስባ አይደለም፤ ካላደሰችው አዲስ ነገር ይመጣል፣ አዲስ ነገር ደግሞ አያስፈልጋትም። መታወቂያ እንደ ማሳደስ ነበር የቆጠረችው። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ስለነበር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ገባች።

የተቀበለቻት ኢክራም የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት። ጠረጴዛው ላይ የሃያ ደቂቃ ፈቃድ ከፈተችላት።

“እትዬ፣ መጀመሪያ መዝገቡን ላንብብልዎ፤ ሕጉ ነው” አለች። “የእገዳው ዓይነት፦ ሙሉ። የእምቢታው ዓይነት፦ ለስላሳ።”

“ለስላሳ አላልኩም።”

“ምንም ካልተመረጠ ለስላሳ ነው የሚሆነው። የቀረበ ጥያቄ፦ አንድ ሺህ ሠላሳ ስድስት። ውድቅ የሆነ ጥያቄ፦ አንድ ሺህ ሠላሳ ስድስት።”

“ስንት?”

“አንድ ሺህ ሠላሳ ስድስት። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ሐሙስ ይጎድላል፤ አንድ ሰሞን ደግሞ በየቀኑ ነው።” ኢክራም ወደ ታች አነበበች። “ጠቅላላ የቆይታ ጊዜ፦ ስምንት መቶ ዘጠና ስምንት ሰዓት።”

እታገኝ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። ከዚያ፦ “እምቢ ማለት እንዴት ይህን ያህል ሰዓት ይፈጃል?” አለች።

“ለስላሳ ሲሆን ጊዜ ይወስዳል። ጠያቂው ተረጋግቶ እስኪሄድ ድረስ በረኛዋ ታናግረዋለች።”

“ምን ብላ?”

“እሱን እኔም አላየውም። ንግግሩ የጠያቂዋ ንብረት ነው።”

በዚህ መሐል የጎን በር ተከፈተና ጌጤነሽ ገባች። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዘራ ይዛለች፤ ጸጉሯ ከፊት ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። እታገኝ መጀመሪያ ያየችው እኅቷን ሳይሆን እናቷን ነበር፤ ከዚያ ልክ እንዳልሆነች ገባት። ኢክራም ሰዓቱን ከፈተች።

“አሥራ አምስት ደቂቃ አላችሁ። እኔ እዚሁ ነኝ” ብላ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጌጤነሽ ተቀመጠች። ፈገግ አለች፤ ሃያ ዓመት ካላየችው ሰው ጋር እንደሚቀመጥ ሰው አልነበረችም።

“ጉልበትሽስ?” አለች።

“ምን?”

“ጉልበትሽ። ሐሙስ ዕለት ቆሜ ስውል ያመኛል ስትዪኝ ነበር።”

እታገኝ ጉልበቷን ያማት ነበር። ለማንም ተናግራ አታውቅም። አምባሩ ግን እርምጃዋን ይቆጥራል።

“ደህና ነው” አለች።

ጌጤነሽ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አየቻት። “ድምፅሽ ወፍሯል።”

“አርጅቼ ነው።”

“እዚያ ግን አልወፈረም። እዚያ ያው ነሽ።” ነጠላዋን አስተካከለችና፣ “አንቺ እንዳልሆንሽማ አውቃለሁ” አለች። “ሞኝ አይደለሁም። በረኛሽ ናት። ግን በረኛ ከባዶ ነገር አይናገርም ይላሉ፤ ባለቤቱን ያጠናል ይላሉ። የምትለው ካንቺ የመጣ ነው ብዬ ነው የያዝኩት።”

“ምን ምን ትላለች?”

“ኧረ ሁሉን! መጀመሪያ ይቅርታ ትጠይቃለች። ‘እታገኝ አሁን ልትቀበልሽ አትችልም’ ትላለች። ከዚያ ‘ግን ውሎሽ እንዴት ነበር?’ ትላለች። እናወራለን። ሽፈራው ሲሞት ለአርባ ቀን በየዕለቱ እንድደውል ፈቀደችልኝ።”

“ጋሽ ሽፈራው ሞተ?”

ጌጤነሽ ደነገጠች። “ስምንት ዓመቱ እኮ ነው። ለቅሶ ደርሰሽኛል እኮ! ‘እታለም፣ ሻይ እንኳን ቅመሺ’ እያልሽ... እያለች።” ከዘራዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። “አልነገረችሽም?”

“አልነገረችኝም።”

ሽፈራው የጌጤነሽ ባል ነበር። እታገኝን ትምህርት ቤት በብስክሌት ያደርሳት ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉን ለቆ እግሩን ዘርግቶ ይጮህ ነበር። እታገኝ ማልቀስ እንዳለባት ታወቃት። ጠበቀች፤ አልመጣም። ከስምንት ዓመት በፊት በእሷ ድምፅ ተለቅሶ አልቋል።

“ነፍስ ይማር” አለች።

“ብለሽኛል” አለች ጌጤነሽ በለሆሳስ።

ኢክራም ሳትዞር፣ “ሰባት ደቂቃ” አለች።

ጌጤነሽ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። እጆቿ ደርቀዋል፤ ጥፍሯ አጭር ነው፣ እንደ እናታቸው።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት” አለች። “በአራተኛው ዓመት ጠይቄያታለሁ። ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ያልሽኝን አሁንም ታምኚበታለሽ ወይ ብዬ። ያን ሐሙስ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘አይ እታለም፣ አንቺ አልገደልሻትም። እኔ የምቆጣው ሰው አጥቼ ነው።’ ቃል በቃል ነው የምነግርሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።”

እታገኝ ዓይኗን ከእኅቷ እጆች አላነሳችም።

“አንቺ ነሽ ያልሽው?” አለች ጌጤነሽ።

እታገኝ ውስጧን ፈተሸች። ቁጣው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። መቼ እንደወጣ አታውቅም። በቦታው ይቅርታ ይኑር አይኑርም አላወቀችም። በረኛዋ የተሠራችው ጠያቂ ተረጋግቶ እንዲሄድ ነው፤ የሚያረጋጋውን ሁሉ ትላለች። ይህንን ታውቃለች። ደግሞ ያ ዓረፍተ ነገር፣ የምቆጣው ሰው አጥቼ ነው የሚለው፣ እውነት ነበር። እስካሁን ማንም እንዲህ አድርጎ አልነገራትም።

“እኔ ነኝ” አለች።

ጌጤነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ወረደ። ስትገልጠው ዓይኗ ረጥቦ ነበር።

ያኔ ነው እታገኝ ሳታስበው ወደ ኢክራም ዞራ፣ “አላድሰውም። ይነሳ” ያለችው።

ኢክራም ወንበሯን አዞረች። “እገዳው ይነሳ ነው የሚሉት?”

“አዎ።”

“አይሆንም!” አለች ጌጤነሽ።

ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። ኢክራምም እታገኝም አዩዋት።

“አድሺው” አለች ጌጤነሽ፤ ዝቅ ብላ። “በማርያም፣ አድሺው።”

“ሃያ ዓመት ስትጠይቂ ኖረሽ?”

“ስጠይቅ ነው የኖርኩት።” ወደ ኢክራም ዞረች። “ልጄ፣ እገዳው ከተነሳ ሐሙስ ስደውል ማን ነው የሚያነሳው?”

“እሳቸው ራሳቸው ናቸዋ” አለች ኢክራም፤ በጣቷ ወደ እታገኝ አመለከተች። “እገዳ ከሌለ ለስላሳ እምቢታ የለም። በረኛዋ መሐል አትገባም።”

“ያኛዋስ የት ትሄዳለች? የተነጋገርነው ሁሉ?”

“ፋይሉ ይዘጋል።”

ጌጤነሽ ወደ እኅቷ ተመለሰች። ጊዜው አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

“እሺ፣ ሐሙስ ደወልኩ እንበል” አለች። “አንቺ አነሳሽ። ምን ትዪኛለሽ?”

እታገኝ አሰበች። “እንዴት ነሽ እላለሁ።”

“ደህና ነኝ እላለሁ። ከዚያስ?”

ከዚያ የሚመጣውን እታገኝ በሐሳቧ ፈለገች። በቀን ውስጥ የምትላቸውን ቃላት አንድ በአንድ አሰበች፦ ዘንበል በይ፣ ይጠብቃል ወይ፣ ጨርሰናል። ከነዚህ ሌላ ለመጨረሻ ጊዜ ረዘም ያለ ነገር የተናገረችው መቼ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። ኢክራም ስክሪኗን ታያለች። ውጭ ነፋሱ የቆርቆሮ ጫፍ እያንኳኳ ነበር። አንድ ደቂቃ ሙሉ አለፈ፤ ጌጤነሽ በትዕግሥት ጠበቀቻት። ሰው መጠበቅ የለመደች ሴት ናት።

“አላውቅም” አለች እታገኝ በመጨረሻ።

“አየሽ” አለች ጌጤነሽ፤ ወቀሳ አልነበረበትም። እጇን ዘርግታ የእኅቷን እጅ አንዴ መታ መታ አደረገችው፣ ሕፃን እንደምታባብል። “ብቻዬን ነኝ፣ እታገኝዬ። ሽፈራው የለም። ልጅ አልወለድኩ። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ የምነግራትን እየሰበሰብኩ ነው የምኖረው። አትውሰጂብኝ።”

ኢክራም ሰሌዳውን አቀረበች። “ሁለት ደቂቃ። ‘ታድሷል’ ወይስ ‘ተነስቷል’?”

እታገኝ መዳፏን “ታድሷል” የሚለው ላይ አሳረፈች። ሰሌዳው ለብ ያለ ነበር። አረንጓዴ በራ።

“ለሃያ ዓመት ታድሷል” አለች ኢክራም።

“እግዜር ይስጥሽ” አለች ጌጤነሽ። “ዕድሜ ይስጥሽ።” ሌላም ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ሰዓቱ ሞላና የሁለቱም አምባር ነዘረ። ጌጤነሽ ወዲያው ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። በከዘራዋ እየተደገፈች በመጣችበት የጎን በር ወጣች። ወደ ኋላ አላየችም፤ ማየት አይፈቀድላትም።

“እትዬ፣ ስድስት ደቂቃ ውጭ ካለው ወንበር ላይ ይጠብቁ” አለች ኢክራም። “እሳቸው ታክሲ እስኪይዙ ነው። መንገድ ላይ እንዳትገናኙ።”

እታገኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን ይዞ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ጎልማሶች፣ ሁለት ሽማግሌ፣ የነርስ ልብስ የለበሰች ሴት። ማንም ማንንም አያይም።

አምባሯን ወደ አፏ አስጠጋች። “ለእኅቴ ምንድነው የምትያት?” አለች።

“የጠያቂ ንግግር ለባለቤት አይገለጥም” አለች በረኛዋ። ለእታገኝ የምትናገረው ሁልጊዜ በአጭሩ፣ በማሽን ድምፅ ነው።

“እንደ እሷ እኔንም አናግሪኝ።”

“ለባለቤት ሪፖርት ብቻ ይቀርባል። የዛሬ ሪፖርት፦ ሃያ ስድስት ጥያቄ ቀርቧል፤ ሃያ ስድስቱም ውድቅ ሆኗል።”

“ከማን ከማን?”

“ዝርዝሩን መስማት ካቆምሽ አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነው። ይቀየር?”

እታገኝ አምባሩን ከአፏ አራቀች። ስድስት ደቂቃው አለፈ። አልተነሳችም። ኢክራም አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች፤ የእታገኝ የሃያ ደቂቃ ፈቃድ አብቅቶ ነበርና አንድ ደቂቃ ጨመረችበት።

“እትዬ፣ መሄድ ይችላሉ። የቀረ ነገር አለ?”

“ልጠይቅሽ” አለች እታገኝ። “ሰው ራሱን ማገድ ይችላል?”

ትስቅብኛለች ብላ ነበር። ኢክራም ግን አልሳቀችም፤ አልተገረመችምም። በአገጯ ወደ አግዳሚው አመለከተች።

“ይችላል። ቅጽ ሰባት ነው። እነዚህ ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቁት። ተራ ልስጥዎ?”

እታገኝ ወደ አግዳሚው ዞራ አየች። ነርሷ ጫማዋን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የምትለውን እንደሚለማመድ ሰው።

“ስጪኝ” አለች።

አሥራ አንደኛ ነበረች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቀች። መስኮቱ ላይ የተጠየቀችው ስሟንና መዳፏን ብቻ ነው። “የእምቢታው ዓይነት?” ሲሏት በዚህኛው ጊዜ አንብባ “ለስላሳ” አለች።

ስትወጣ ነፋሱ ቆሞ፣ መንገዱ ላይ የሥራ መውጫ ሕዝብ እየተላለፈ ነበር፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ። አውቶቡስ መጠበቂያው ጥግ ቆመችና ጥያቄ ላከች። ከእታገኝ ተሰማ፣ ለእታገኝ ተሰማ። ለአፍታ ምንም አልነበረም። ከዚያ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ገና ያልደከመ።

“ይቅርታ፣ እታገኝ አሁን ልትቀበልሽ አትችልም” አለ። “ግን ውሎሽ እንዴት ነበር?”

እታገኝ አምባሩን ጆሮዋ ላይ አስደግፋ ቆየች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ በሩ ተዘጋና ሄደ።

“እታለምን አየኋት” አለች።